አማኝ እማኝ ያሻዋል?

የሙግቱ ጭብጥ፦ በእግዚአብሔር ለማመን ማስረጃ ያስፈልጋል ወይ? አያስፈልግም ብለው የቆሙት በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠሩ፣ ኋላም ቢቸና ላይ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ያስፈልጋል የምትለው ሞጣ ላይ በላቦራቶሪ ባለሙያነት የምትሠራ ወጣት ናት። ስማችን ይቅር ስላሉን በከተማቸው ጠርተናቸዋል።

ከቢቸና

ልጄ፣ ነገር ከመጀመራችን በፊት ችሎቱን እንለይ። በአገራችን ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ይቆማሉ፣ ዋስ ይጠራል፣ እማኝ ይቆጠራል። ፍትሐ ነገሥቱም ሁለትና ሦስት ምስክር ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ለርስት፣ ለከብትና ለደም ነገር የተበጀ ሥርዓት ነው። ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ «ማሳው የእኔ ነው» ብሎ ስለማለ ብቻ አይረታም፤ እዚያው ያረጁ ሽማግሌዎች መጥተው የድንበሩን ድንጋይ ያሳያሉ። እግዚአብሔርን በየትኛው ወገን ልታቆሚው ነው? ተከሳሽ ካደረግሽው ወንበሩ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። አንቺ ፊት ቆሞ በእማኝ ብዛት የረታ፣ እሱ አምላክ ሳይሆን ባለጉዳይ ነው።

ማስረጃ ያስገድዳል። ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ማንም ወዶ አይቀበለውም፣ ጠልቶም አይክደውም። እምነት ግን የሰውየውን ፈቃድ ይሻል። ሳይወድ በግዱ ያመነ ሰው ምን አመነ ይባላል?

ዲማ ሳለን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግበን በየደጁ ስንለምን የውሻው ንክሻ ለብቻው አንድ ትምህርት ነበር። ማታ ጎጆ ውስጥ ተኮራምተን ስንጨቃጨቅ እናድር ነበር፤ ሆኖም «እግዚአብሔር አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ጓደኛ አላጋጠመኝም። ጥያቄ ጠፍቶ አልነበረም። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል በአምስት መንገድ ሲፈታው አምስቱንም ያጸናቸዋል፤ አንዱን መርጠህ ሌላውን ጣል አይልህም። ጥያቄያችን በቤቱ ውስጥ ሆነን የምንጠይቀው ነበር።

ከቤቱ ወጥተው በማስረጃ እንለይ ያሉትማ የት እንደደረሱ የእኛው ጎጃም ምስክር ነው። የቅባትና የተዋሕዶ የሃይማኖት ክርክር ደብረ ወርቅን፣ መርጡለ ማርያምንና ሞጣን ስንት ዘመን አመሰ? ሁለቱም ወገን መጽሐፍ ጠቃሽ፣ ሁለቱም ሊቅ ነበር። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ጊዜ ጉባኤ ተሠርቶ ንጉሡ ለቅባት ፈረዱ፤ አንቀበልም ያሉት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጎንደር ላይ ተገደሉ። ከእሳቸው በፊት ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ክርክር ተረትተው ካቶሊክ ሆኑ፤ አገሩ ደም ተቃባና እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ሌላ ጉባኤ ጠሩ፤ በዚያም የተረታው ወገን በፍርዱ ካልሆነ በግድ እንዲያምን ተደረገ። ማስረጃ አለኝ የሚል ሰው ማስረጃውን ያልተቀበለለትን ወይ ሞኝ ወይ ተንኮለኛ አድርጎ ነው የሚያየው። ከዚያ ወዲያ ጎራዴው ሩቅ አይደለም።

በደርግ ጊዜም ያየሁትን ልንገርሽ። በውይይት ክበብ ካድሬው አንድ ሽማግሌ ቄስ አስነሥቶ «እግዜርህን አሳየን!» አላቸው። ቄሱ ዝም አሉ። ያ ካድሬ ስለሚመጣው ኮሙኒዝም ሁለት ሰዓት ሲሰብከን አንድም ሰው «አሳየን» አላለውም፤ ቢለው የት እንደሚያድር እናውቅ ነበር።

ደግሞ ከአንቺው ከሞጣ ወርደሽ ሰባራ ድልድይን አስቢ። በጣሊያን ጊዜ ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉት እየጎተቱት ዓባይን ይሻገር ነበር። ገመዱን መርምሮ፣ የጎታቾቹን ክንድ ለክቶ ነው የገባው? ማዶ ያሉትን አምኖ ነው። እምነት ማለት ለእኔ እሱ ነው።

ከሞጣ

ጋሼ፣ ወንበሩን አልፈለግሁትም፤ እርስዎ ይቀመጡበት። እኔ የምጠይቀው ራሴን ነው። «አምናለሁ» የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ በምን አውቄ ነው? ይህን ራሴን ብጠይቅ እግዚአብሔር ምኑ ይደፈራል?

ስለ ጎራዴው ግን አልስማማም። ጎራዴው የተመዘዘው ማስረጃ ስለበዛ ሳይሆን ስላለቀ ነው። ሁለት ሊቃውንት ሁለቱም ሊያዩት በማይችሉት ነገር ሲለያዩ፣ የሚያስማማቸው ነገር ስለሌለ ንጉሡ ይገባል። እኛ ቤት ሁለት ባለሙያ በአንድ ስላይድ ላይ ሲለያይ ሦስተኛ ሰው ያየዋል፤ ወታደር የጠራ እስካሁን የለም።

ሰባራ ድልድይንም ካነሡት አይቀር እስከ መጨረሻው ይሂዱበት። የሚሻገረው ሰው ዐይኑን ጨፍኖ አልታሰረም። ከእሱ ፊት የነበረው ሲሻገር አይቷል፤ ጎረቤቱ ባለፈው ሳምንት ማዶ ገበያ ደርሶ መመለሱን ያውቃል፤ ጎታቾቹ የእነማን ልጆች እንደሆኑም ያውቃል። ገመዱ ሲሳሳ ይቀየራል። የወደቀም ነበር፤ ሰው ሲወድቅ ደግሞ «የእምነቱ ጉድለት ነው» አይባልም፣ ገመዱ ይታያል። ያ ሁሉ ማስረጃ ነው፣ ጋሼ፤ በወረቀት ስላልተጻፈ ነው እንጂ።

ሥራዬ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደው የሚመለሱ ልጆች ትኩሳት ይዘው ይመጣሉ። ጣታቸውን ወግቼ ደሙን መስታወት ላይ ወፈር አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ በጊምሳ እቀልመዋለሁ፣ ሲደርቅ ዘይት ጠብ አድርጌበት በማይክሮስኮፕ አያለሁ። የወባውን ተውሳክ ካገኘሁ ነገሩ አለቀ። ካላገኘሁ ግን ቢያንስ 100 እይታ ሳልጨርስ «የለም» ብዬ መጻፍ አልችልም። ዐይን ይደክማል፣ ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ያጉረመርማል፤ ቢሆንም መቶውን አያለሁ። ስለዚህ «እግዚአብሔር የለም» ሲባል ስሰማ የቸኮለ ሰው ይመስለኛል። እኔ የምለው «እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን አላየሁም» ነው። እንዲህ የሚል ሰው በቤተ ክርስቲያን ቦታ ካጣ የዳግም ትንሣኤ ዕለት የሚነበበው የቶማስ ነገር ለማን ነው የተጻፈው? «ካልነካሁ አላምንም» ያለውን ሐዋርያ ጌታ አላባረረውም፤ እጁን ነው የሰጠው።

አንድ ልጅ ወባ ተገኝቶበት ኮአርተም ተሰጠው፤ በዚያው ሳምንት ጸበልም ገባ። ተመልሶ ሲመጣ ደሙ ንጹሕ ነው። «ጸበሉ ፈወሰኝ» አለኝ። ኪኒኑን ጨርሰሃል ወይ ብለው ጨርሻለሁ አለ። ታዲያ ማን ፈወሰው? ከእሱ ብቻ ተነሥቶ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ነገሩ በወባ ቢያቆም ምንም አልነበረም። በኤችአይቪ ጊዜ ግን መድኃኒቱን ትተው በእንጦጦ ጸበል ብቻ የተማመኑ ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጸበሉንም አንድ ላይ ውሰዱ አሉ። ይህ ቃል ስንት ሰው አትርፎ ይሆን? እምነት ማስረጃን ወደ ጎን ካለ የሚከፍለው ታማሚው ነው።

ደግሞስ ማስረጃ ፍለጋ ፈረንጅ ያመጣብን ነገር ነው የሚሉ ካሉ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ አለላቸው። ደራሲው በሱስንዮስ ስደት ዋሻ ገብቶ ዳዊቱን እየደገመ የጠየቀው፣ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ካለ ማን ይዳኘናል ብሎ ነው። መልሱንም በልቡናው መርምሮ ደረሰበት፦ የፈጠረኝ አለ፣ እሱንም የፈጠረው የለም። በማስረጃ አምኖ ካህናቱን ግን ሲጠረጥር ኖረ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ምን ቢሆን ነው እምነትዎን የሚተዉት?

ከቢቸና

ዘርዐ ያዕቆብን ማንሣትሽ ደግ ነው፤ ለእኔ ወገን ይመሰክራልና። ሐተታውን ለዓለም ያወጣው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዱርቢኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ሊቅ ተነሥቶ መጽሐፉ የራሱ የዱርቢኖ ድርሰት ነው አለ። ክላውድ ሰምነር የሚባል ሌላ ሊቅ ደግሞ ዕድሜውን ሰጥቶ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ሙግቱ አሁንም አልበረደም። ወረቀቱ በእጃቸው፣ ቀለሙ በዐይናቸው ፊት እያለ ከ350 ዓመት ወዲህ የኖረን አንድ ሰው መኖር አለመኖሩን መስማማት ያቃታቸው ምሁራን፣ እግዚአብሔርን አስረዱኝ ልትያቸው ነው?

ጸበል የገባውን ልጅ በተመለከተ መድኃኒቱን መጨረሱ ደግ አድርጓል። ጸበል የሄደው ግን ለወባው ብቻ ነው ያለሽ ማነው? ሁመራ ላይ አብሮት የሠራ ጓደኛው ሞቶበት ይሆናል፤ የሠራበት ገንዘብ ተወስዶበት ይሆናል። አንቺ ያየሽው ደሙን ነው። ለቶማስም እጁ ተሰጥቶት የተባለውን አትርሺ፤ ብፁዓን የተባሉት ሳያዩ ያመኑት ናቸው።

ለጥያቄሽ መልሴ «ምንም» ነው። ምንም ቢሆን አልተወውም። ይህን ስል አያፍሩም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ባለቤቴ በታመመችበት ዘመን ሐኪሞቹ ያሉት ሁሉ ትክክል ነበር፤ እኔ የጸለይኩትም ሁሉ አልሆነም። በማስረጃ ቢሆን ያን ጊዜ ነበር የምክደው። አልካድኩም። ለምን እንዳልካድኩ ላስረዳሽ አልችልም፤ ላስረዳሽ ብችል ኖሮ የተሟገትኩለት ነገር በተረታ።

ከሞጣ

ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት። በዚህ ላይ አልሟገትዎትም፤ ሐዘንን በማይክሮስኮፕ የሚያይ የለም።

«ምንም» ያሉት ቃል ግን ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ያስፈራኛል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከተማዬ ውስጥ የሆነውን አይተዋል። ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚለው ወሬ በየሰፈሩ ሮጠ። ምን ያህል እሳት፣ ማን አነሣው፣ ጠፍቷል ወይ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር። ቀኑ ሳይመሽ መስጊዶች ነደዱ፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሱቆች ነደዱ። ካነደዱት ወጣቶች አንዱን ይዘው «ምን ቢሆን ነው ሐሳብህን የምትለውጠው?» ቢሉት ኖሮ መልሱ ምን ይሆን ነበር? «ምንም» ነበር የሚልዎት፣ እንደ እርስዎ ጸንቶ። የእርስዎን ጽናት ከእሱ ጽናት በምን እለየው?

ከቢቸና

በፍሬው ትለዪዋለሽ። እነዚያ ልጆች ያመኑት ወሬ ነው። ጎረቤትህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ትእዛዝ ግን በሰንበት ትምህርት ቤት በልጅነታቸው ሰምተውታል፤ ለእሱ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም፣ ሊጠየቅለትም አይገባም። መስጊዶቹን መልሶ ለመሥራት ገንዘብ ሲዋጣ ክርስቲያኖችም እጃቸውን ዘርግተዋል። ጎረቤቴ ሊወደድ ይገባዋል ወይ ብለው እማኝ ቆጥረው ነው የሰጡት?

ከሞጣ

ፍሬውን እዪ ካሉኝ እንድመለከት ፈቀዱልኝ ማለት ነው፤ እኔም ከመጀመሪያው የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

ለመዋጮው እኔም ሰጥቻለሁ። ስሰጥ ደረሰኝ ጠየቅሁ፤ ገንዘብ ተቀባዩም ጽፎ ሰጠኝ። ጠየቅሽኝ ብሎ አልተቀየመም።