ስለ ጭድና ስለ እርሾ

ጠላ የምታስጠምቅ እመቤት ሁሉ እንደምታውቀው፥ የእርሾ ሥራ ስኳርን በልቶ አልኮል ማውጣት ነው። በዚሁ ጥበብ ከበቆሎ የመኪና ነዳጅ ይወጣል፤ ነገር ግን ለመሶብ የሚገባውን እህል ሞተር ይወስደዋል።

ጭድም ሲፈታ ስኳር ይገኝበታል፤ ዳሩ ግን ዛይሎስ የሚባለውን ስኳር የተለመደው እርሾ አይበላውም። በአሜሪካ አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ናንሲ ሆ በ1993 እ.ኤ.አ. ጂን የሚባለውን የዘር ትእዛዝ ከሌላ ወገን እርሾ አምጥተው በመጨመር፥ ግሉኮስንና ዛይሎስን ባንድነት የሚያብላላ እርሾ አስገኙ። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው።

በአገራችን ግን ጭድ ውዳቂ አይደለም፤ የበሬ ቀለብ ነው፥ ለግድግዳም ከጭቃ ጋራ ይቦካል። ስለዚህ ጥበቡ ወደ እኛ ሲደርስ፥ የሰውን መሶብ እናድናለን ስንል የበሬውን ግርግም ባዶ እንዳናስቀር አስቀድሞ እንዲታሰብበት እናሳስባለን።