«አጥንቱ ነው» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ክረምት ወደ ኩልመስክ ተጉዘን ሳለ፣ በሲሚንቶ የተሞሉ ሁለት የቀለም ጣሳዎችን በቧንቧ ብረት አያይዘው ክብደት የሚያነሡ ተማሪዎች አገኘን። ከመካከላቸው ቀጭኑ ቀረብ ብሎ፣ «መምህር፣ ስድስት ወር ሙሉ አነሣሁ። ጓደኛዬ ጡንቻ አወጣ፤ እኔ ግን እንደነበርኩ ነኝ። ቤተሰቦቼ የእኛ አጥንት ቀጭን ነው ይላሉ። እውነት ነው?» ሲል ጠየቀን። ሙያችን ፊዚክስ እንጂ ሥነ ሕይወት ባይሆንም፣ ጥያቄውን ሳንመልስ ማለፍ አልቻልንም።

በመሠረቱ ቤተሰቡ ፈጽሞ አልተሳሳተም። ማዮስታቲን የተባለ ፕሮቲን የጡንቻን እድገት ይገታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ፕሮቲን የሚያስገኘው ጂን እንዳይሠራ የተደረገባቸው አይጦች ጡንቻ ከሌሎቹ ሁለትና ሦስት እጥፍ ከብዶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 585 ሰዎች አንድ ክንዳቸውን ብቻ ለ12 ሳምንታት በአንድ ዓይነት ልምምድ አሠለጠኑ። የአንዳንዱ ጡንቻ ስፋት ከግማሽ በላይ ሲጨምር፣ የአንዳንዱ ምንም አልጨመረም። ከዚህ ልዩነት ውስጥ የዘር ውርስ ድርሻ እንዳለው አያጠራጥርም።

ሆኖም «የጡንቻ ጂን» የሚባል አንድ ነገር የለም። ፈጣን በሆኑት የጡንቻ ክሮች ውስጥ የሚገኘው አልፋ አክቲኒን 3 የተባለው ፕሮቲን በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች የላቸውም፤ ጤናቸው ግን የተሟላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት፣ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች በታላላቅ የአጭር ርቀት ሯጮች መካከል እምብዛም እንደማይገኙ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያና የኬንያ ታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮች ሲመረመሩ ግን፣ በዚህ ጂን ከሌላው ወገናቸው የሚለዩ ሆነው አልተገኙም። ባሕር ማዶ ምራቅ ተቀብለው «ለየትኛው ስፖርት እንደተፈጠርህ እንነግርሃለን» የሚሉ ኩባንያዎች አሉ። በእኛ አስተያየት ሥራቸው ከኮከብ ቆጠራ ብዙም አይርቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን ሌላ ነው። የላስታ ገበሬ አንድ ዓይነት የገብስ ዘር ከፍሎ ግማሹን ፍግ በጠገበው የጓሮ ማሳው፣ ግማሹን አፈሩ በታጠበ ተዳፋት ላይ ዘራ እንበል። በጓሮው ማሳ ውስጥ በአንዱና በሌላው ቡቃያ መካከል የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከዘሩ የመጣ ነው። በጓሮውና በተዳፋቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከአፈሩ ነው። ከጡንቻ ጥንካሬ ልዩነት ግማሽ ያህሉ የዘር ውርስ ነው የሚሉት ጥናቶች በአብዛኛው የተካሄዱት ጠግበው ባደጉ የአውሮፓና የአሜሪካ መንትዮች ላይ ነው። ቁጥሩ የእነርሱ ማሳ ቁጥር ነው። ወደ እኛ ተዳፋት እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም።

የእኛን ማሳ ብንመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሚገኙ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። የጡንቻ ክሮች ብዛት በአብዛኛው የሚወሰነው በልደት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያድገው ውፍረታቸው ነው። ከእነዚያ ሕፃናት ታላላቆቹ ዛሬ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየተቃረቡ ናቸው። እናታቸው በእርግዝና ጊዜ፣ እነርሱም በሕፃንነታቸው ምን እንደበሉ ሳይጠየቅ ስለ አጥንታቸው መፍረድ ሳይንስ አይደለም።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ አልነገርነውም። ባቄላና ምስር ከእህል ጋር አዘውትሮ እንዲበላ፣ ሸክሙንም ቀስ በቀስ እንዲጨምር መከርነው። ከዚያም የፊዚክስ ሰው ልማድ ሆኖብን ስለ ልኬት ጠየቅነው። ሲጀምር ያንን ብረት ስንት ጊዜ ያነሣ ነበር? «አምስት።» አሁንስ? ጥቂት አሰበና «አሥራ ስድስት» አለ። ጡንቻ ከመወፈሩ አስቀድሞ ነርቮች ክሮቹን ይበልጥ አስተባብረው ማዘዝን ይማራሉ፤ ይህንን መስታወት አያሳይም። ጓደኛው ግን ስንት እንደሚያነሣ ስንጠይቀው አላወቀውም፤ ቆጥሮ አያውቅም ነበር።