ሲመለስ ማን ይቀበለዋል?

አንድ ወዳጄ የአንድ ፋብሪካ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ስለ ካይዘን የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዶ እንደተመለሰ፣ በመጋዘኑ ተደባልቆ የተከመረውን መለዋወጫ ለመለየት ፈቃድ ጠየቀ። አለቃው «አበልህን ተቀብለህ የለም? ሌላ ምን ቀረህ?» አሉት። ባልደረቦቹም «ጃፓኑ» እያሉ ቀለዱበት። ደብተሩ መሳቢያ ገባ፤ ፋብሪካውም መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ እንደገና መግዛቱን ቀጠለ።

ካይዘን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ በአገራችን 30 ፋብሪካዎች ተሞክሯል። አምስቱ «ማ»ዎቹ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። ወዳጄ ገና በመጀመሪያው ተገታ። ማላመድና ማዝለቅማ የአለቃ ይሁንታና የባልደረባ ትብብር ከሌለ የማይታሰቡ ናቸው። ጉድለቱ ከሥልጠናው አይደለም፤ ከመሥሪያ ቤቱ ልማድ ነው።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጆች የሥልጠና ወጪ ሲፈርሙ «ማን ይሂድ?» ብቻ ሳይሆን «ሲመለስ ማን ይቀበለዋል?» ብለው ይጠይቁ። የቅርብ አለቃው አብሮ ይሠልጥን፤ ሠልጣኙ የተማረውን የሚሞክርበት ጊዜ ይሰጠው፤ ከ3 ወር በኋላም ምን እንደተለወጠ ሁለቱም ይጠየቁ። አለዚያ ነገሩ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።