የጣና ጎብኚና የክረምቱ ዓሣ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥታችሁ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ስትሻገሩ፣ ዓይናችሁ በገዳማቱ ላይ እንደሚያርፍ አልጠራጠርም። እኔ ግን ከጀልባው በታች ያለውንም አስቡ እላለሁ። በጣና «ነጭ ዓሣ» በሚል አንድ ስም የሚጠራው ከ10 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ አይገኙም። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። ቀድሞ በደንገል ታንኳ ብቻ ይሰገር በነበረበት ዘመን ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ መጣ። በወንዙ መግቢያ የተያዘ ዓሣ ዘሩን ሳይተካ ይቀራል። አስጋሪው ልጆቹን የሚያሳድግበት ሥራ ስለ ሆነ መረቡን ፈጽሞ ይተው ማለት አይገባም፤ በነሐሴና በመስከረም ከወንዞቹ መግቢያ ቢርቅ ግን ይበቃል። እናንተም በእነዚያ ወራት የዓሣ ጥብስ ስታዙ ዓይነቱን ጠይቁ፤ ነጭ ዓሣ ከሆነ፣ «ቆሮሶ ይምጣልን» በሉ።