ምኑ ነው የሚያስቸኩለው?

የምኖረው ኮልፌ ነው፤ የድሮው ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፍሮበት በነበረው አካባቢ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ነው። ለስድስት ወር መጥተው ገና በሁለተኛው ወር ከድርጅታቸው ቴሌግራም ደረሳቸው፤ ቶሎ ተመለስ የሚል። ሄዱ፤ በዚያው ክረምት አገራቸው ላይ ተያዙ። እሱ ጥሪ የሚያስቸኩል ነበር እላለሁ።

ለእኔም በዚሁ ሠፈር ቴሌግራም ይደርሰኛል፤ በእጅ ስልኬ ላይ ያለው ቴሌግራም። በቀን ስንቱ "አስቸኳይ" እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ ጽሑፉ በኢንተርኔት ይመጣል፣ በኢንተርኔት ይሄዳል። ቃለ ጉባኤ ነው፣ የሠርግ መጥሪያ ነው፣ የዕቃ መግለጫ ነው። በደረሰ በአምስተኛው ደቂቃ "ወንድሜ፣ አለህ?" ይከተላል። በአሥረኛው ደቂቃ የጥያቄ ምልክት ብቻውን ይመጣል፤ ቀጥሎ ሦስት ሆኖ። መልእክቱን ማየቴ ስለሚታወቅ ዝምታዬ እንደ ንቀት ይቆጠራል።

አንድ ጊዜ "በአንድ ሰዓት ካላደረስክ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" ተብዬ የመድኃኒት አወሳሰድ ወረቀት ተረጎምኩ። እንግሊዝኛው ጠዋት 8 ሰዓት ይላል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን በጥድፊያ "8 ሰዓት" ብዬ ላክሁ። ቁርስ ላይ መዋጥ የነበረበት በሽተኛ ከምሳ በኋላ ሊውጥ ነው ማለት ነው። ማታ ደግሜ ሳነበው ላብ አሰመጠኝ። በሌሊት ደወልኩ። ደንበኛዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ኧረ ገና አልከፈትኩትም፤ ሰኞ አየዋለሁ።" ዕለቱ ሐሙስ ነበር!

ከዚያ ወዲህ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ መልእክት የምከፍተው በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ በ3፣ በ6 እና በ10 ሰዓት። በዚህ የተነሣ ሁለት ደንበኞች ጥለውኝ ሄደዋል፤ አልዋሽም፣ ኪሴ ተሰምቶታል።

ወዳጆቼ ይቆጡኛል። "በ'ነገ ተመለስ' በተማረረ አገር ዝግታን ትሰብካለህ?" ይሉኛል። ተሳስተዋል። ነገ ተመለስ የሚለው ሰው ሥራውን አልጀመረም፤ እኔ ሥራው ላይ ተቀምጫለሁ። እንዲያውም "ነገ ተመለስ" እና "አሁኑኑ" የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳምንት ያደረበት ሰውዬ ነው በመጨረሻው ሰዓት እኔ ላይ የሚወረውረው። የእሱ ስንፍና እኔ ዘንድ ሲደርስ ስሙን ቀይሮ ፍጥነት ይባላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያሉ አባቶቻችን ሰነፎች አልነበሩም፤ አፍሶ መልቀም ድርብ ሥራ መሆኑን ስላወቁ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኗል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ እሱም የሚፈቀደው ልዩ ምክንያት ሲኖር ነው። አስቸኳይ ሥራን ከአደጋና ከአቅም በላይ ከሆነ ነገር ጎን አስቀምጦታል። ሕጉ አስቸኳይን እንግዳ ነገር አድርጎ ሲያየው እኛ የዘወትር ልብስ አድርገነዋል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከመልእክት የመራቅ መብቱን በሕጋቸው አስገብተዋል። እንደ እኔ ያለውን ቅጥር የሌለውን ሰው አዋጁ አይመለከተውም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ለዚህም ነው የምጮኸው።

ደግሞስ ኢንተርኔቱ ራሱ መቼ ቸኮለ? የተላከ ደብዳቤ ተቀባዩ እስኪከፍተው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሌሊቱን ቢያድር አይሻግትም። "ቶሎ በል" የሚለው ሰው ነው። ስልክ ደውሎ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ አጭበርባሪም መጀመሪያ የሚያደርገው ማጣደፍ ነው፤ ለማሰብ ፋታ ያገኘ ሰው ቁጥሩን እንደማይሰጠው ያውቃላ!

ከሁሉ የሚገርመኝ ይኸ ነው፦ መብራት ጠፍቶብኝ "መብራት የለም" ብዬ ስጽፍ ደንበኛው "አይዞህ፣ ሲመጣ ትልካለህ" ይለኛል። "እያሰብኩበት ነው" ስለው ግን ይቆጣል። ለመብራት ኃይል የተሰጠው ትዕግሥት ለአእምሮዬ ተነፈገ።

የመድኃኒቱ ደንበኛዬ ከእኔ አልራቀም። ሰሞኑን "በጣም አስቸኳይ" የሚል ላከልኝ። "ነገ በ4 ሰዓት ይደርስሃል" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ጻፈ፦ "በእኛ ነው በፈረንጅ?"