ዶሮዋን ከዘጋንባት ሜዳውን እናስገባላት

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ስለ ሰው ምኞት የተነገረ ነውና አንነካውም፤ ስለ ዶሮ አመጋገብ ግን የሚነግረን ግማሹን ብቻ ነው። በሜዳ የምትውልን ዶሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ልብ ብለን ብንከተላት፣ ጥሬ ትለቅማለች፣ ማገጥና ለጋ ሣር ትቆነጥራለች፣ ፍጉን ጭራ ትል ታወጣለች፣ ፌንጣ ታባርራለች፣ ጠጠርም ትውጣለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ሰውነቷ የሚሻውን እየፈለገች ነው።

እንግዲህ ይህችው ዶሮ ዛሬ በብዙ ግቢ በሽቦ ቤት ገብታለች። በተለይም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ሳሶና ቦቫንስ ብራውን የሚባሉትን ቄቦች ዘግቶ ማርባት የቤተሰብ የገቢ ተስፋ ሆኗል። መዝጋቱን አንቃወምም። ጭልፊትና ሸለምጥማጥ አለ፤ ፈንግል ከመንደር መንደር ይዛመታል፤ የጎረቤት ጎመንም የጠብ ምክንያት ነው። የምንቃወመው ሜዳውን ከከለከልናት በኋላ ገብስ ብቻ በትነን «አበላናት» ማለትን ነው። ይህማ «ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት» እንደሚባለው መሆኑ ነው፤ ሆዷ ይሞላል፣ ሰውነቷ ግን ይራባል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ከምትበላው ውስጥ ከመቶ 16 እጅ ያህሉ ፕሮቲን መሆን ይገባዋል። ገብስ ያለው 11 እጅ ግድም ነው፤ በቆሎማ ከዚያም ያንሳል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ደግሞ ከ5 እስከ 6 ግራም ይመዝናል፤ ከሞላ ጎደል የተሠራውም ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። በእህል ውስጥ ያለው ካልሲየም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ታዲያ ከየት ታምጣው? ከገዛ አጥንቷ ትበደራለች። ብድሩ ሲበዛ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ እግሯ ይዝላል፣ በመጨረሻም መጣሏን ታቆማለች። ያን ጊዜ «የፈረንጅ ዶሮ አትረባም» ይባላል፤ ቄቦቹን ተበድራ የገዛች እናት ገንዘቧ ቀለጠ ማለት ነው። ጥፋቱ ግን የዶሮዋ አይደለም።

«የፋብሪካ መኖ ግዙ» የሚል አለ። መኖው ጥሩ ነው፤ ኪስ ግን አይችለውም። «ሰው ያልጠገበውን እህል ለዶሮ?» የሚልም አለ፤ እሱም እውነት አለው። የእኛ አስተያየት፣ ከእህሉ ቀነስ አድርገን ሰው የማይበላውን እንጨምርላት ነው። የኑግ ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያ ይገኛል፤ ፕሮቲኑም ከመቶ ወደ 30 እጅ ይደርሳል። የፎገራ ሩዝ ሲፈተግ የሚወጣው ደቃቅ ፉርሽካ አለ፤ ቶሎ ስለሚበላሽ ሳይቆይ መስጠት ነው። የጠላ አተላም ደርቆ ከመኖው ጋር ይቀላቀላል። ጎመንና አልፋልፋ በገመድ አስሮ ከራሷ ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል ነው፤ ስትቆነጥር ትውላለች፣ የአስኳሉም ቢጫነት ከዚሁ ቅጠል ይመጣል። በመስከረምና በጥቅምት የተትረፈረፈውን ቅጠል በጥላ ብናደርቀው ለበጋ ይሆናል። የእንቁላል ቅርፊት አምሶና አድቅቆ፣ ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት (የተቃጠለው ኖራ አይደለም!) ለብቻው በዕቃ ማቅረብ ነው፤ በልኳ ትወስዳለች። ጥርስ የላትምና እህሉን በሆዷ ውስጥ የምትፈጭበት ጠጠርም አይረሳ። ከጥሬው ጥቂቱን ደግሞ ጭዱ ላይ በትነን ጭራ ታውጣው፤ ሥራ የፈታች ዶሮ የጓደኛዋን ላባ ትነጫለችና።

ይህ ሲባል ግን ያገኙትን ሁሉ መወርወር ማለት አይደለም። የሻገተ እህል መርዝ ነው። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊም ይገድላል። ግብጦም ምሬቱ ሳይወጣ አይሰጥም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳ ገጠሮች እንመደባለን። «የተመጣጠነ ምግብ» ብለን በሰሌዳ ላይ ሥለን እናስተምራለን። ተማሪው ቤቱ ሲገባ ዶሮዋ ገብስ ብቻ ስትለቅም ካየና ምንም ካልመሰለው፣ ምኑን አስተማርነው?

ስለዚህ በማሠልጠኛችን ግቢ 10 ዶሮዎች ይግቡ እንላለን። 10 ዶሮ በቀን የምትበላው ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከሩብ ነው፤ ለዚህን ያህል ሰው የሚከብድ አይደለም። ፋጉሎውን በመዋጮ እንግዛ፣ ቅጠሉን በተራ እንጨድ፣ የእንቁላሉም ቁጥር በየሳምንቱ ከዚህ ጋዜጣ ጎን ይለጠፍ። ቁጥሩ ከወረደ ምን እንደጎደላት ፈልገን እንጻፍ። ከወጣ ደግሞ ወደምንመደብበት ቀበሌ ይዘነው የምንሄደው፣ በዓይናችን ያየነው ትምህርት አገኘን ማለት ነው።

የሚደግፍም የሚቃወምም ሐሳቡን ከሥር ይጻፍልን።