መብራት ተፈለገ ማለት ፈንዱ አተረፈ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ቨርጂኒያ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ልካችኋል፦ «ሰፈሩ ሁሉ ዳታ ሴንተር ሆኗል፣ መብራት ተፈላጊ ነው፤ ያጠራቀምኩትን በሙሉ ኤክስኤልዩ ላይ ላውለው?»

«በሙሉ» የምትለዋ ናት ያስደነገጠችኝ።

ኤክስኤልዩ በዋናነት የአሜሪካ ትልልቅ የመብራት ኩባንያዎችን አክሲዮን የያዘ ፈንድ ነው። አብዛኞቹ ግን እንደ ሱቅ ብዙ ስለሸጡ ብቻ ብዙ አያተርፉም። ለጣቢያና ለመስመር ባወጡት ካፒታል ላይ ምን ያህል እንደሚያገኙ የሚወስነው የየስቴቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው። ግንባታው ደግሞ ብድር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ወለድ ሲወጣ የሚጎዱት፤ በ2023 ኤስ ኤንድ ፒ 500 በደንብ ሲያድግ ይሄ ዘርፍ ከሁሉም መጨረሻ ነበር።

እንደ ቪስትራ ያሉ በገበያ ዋጋ የሚሸጡም አሉ። ፍላጎቱ በቀጥታ የሚጠቅመው እነሱን ነው፣ ድንጋጤውም እንደዛው። ጃንዋሪ 27 ቀን 2025 «የቻይናው ዲፕሲክ በትንሽ ወጪ ተሠራ፣ ያን ያህል መብራት ላያስፈልግ ነው» ሲባል ቪስትራ በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወረደ!

እኔ ብሆን ለረጅም ጊዜ ከማስቀምጠው ላይ ትንሽ አስገባለሁ፣ ለዲቪደንዱ ብዬ። በሚቀጥለው ዓመት ለቤት ቅድመ ክፍያ የምትፈልጉትን ብር ግን እባካችሁ እዚያ አታስገቡት።